ጣውላው በመስኮት የሚወጣበት ክፍል፦ ደሴ ላይ አንድ መስኮት የመቀየር ጉዳይ

ክፍሉ ድሮ ማድ ቤት ነበር። 3 ሜትር በ4 ሜትር ነው፤ ግድግዳው ጭቃ፣ ጣሪያው ቆርቆሮ። ማገሩ ዛሬም ጥቀርሻ ስለሆነ የተደገፈ ሰው ጠቁሮ ነው የሚወጣው። የቤቱ ሰው ምድጃውን ወደ ዋናው ቤት ሲያዛውር እኔ መላጊያዬንና መጋዜን ይዤ ገባሁበት። አናጢ አይደለሁም፤ አስተማሪ ነኝ። ቅዳሜና እሁድ ግን በርጩማ፣ መደርደሪያ፣ አንዳንዴም ለጎረቤት ረከቦት እሠራለሁ።

ቤታችን ደሴ ውስጥ፣ ከጦሳ ተራራ ግርጌ ነው። የደሴን አየር ለማያውቅ፦ ከባህር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ነች። ጠዋት ጉም ይተኛባታል። ክረምት ላይ ከሰዓት በኋላ ዝናብ አይቀርም። ጦሳ በስተምዕራብ ስለቆመ ፀሐይ ከሌላው አገር ቀድማ ትገባብናለች። አሥር ሰዓት ላይ የጀመርከውን ሥራ በብርሃን መጨረስ ዘበት ነው።

የክፍሉ መስኮት አንድ ብቻ ነበር። ወደ ሰሜን የዞረ፣ 60 በ80 ሳንቲም፣ መስታወት የሌለው፣ ባለ አንድ የጣውላ መዝጊያ። ሲከፈት ብርሃንም ብርድም ይገባል። ሲዘነብ ይዘጋል። ያን ጊዜ በቀን አምፖል አብርቼ፣ በራሴ ሰጋቱራ ታፍኜ ነው የምሠራው። የብናኙን ነገር ብዙዎቻችን ንቀን ነው የምናልፈው። የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋም ግን የእንጨት ብናኝን በፈረንጆቹ 1995 ለሰው ካንሰር አምጪ መሆናቸው ከተረጋገጡት ነገሮች ምድብ ውስጥ አስገብቶታል። እኔ ይህን ያወቅሁት ለሦስት ክረምት ስስል ከቆየሁ በኋላ ነው።

የዛሬ አራት ዓመት አንድ ጊዜ ቀይሬው ነበር። ባህር ዛፍ ጣውላ ገዛሁ፣ በሁለት ቀን ቸክችኬ ገጠምኩት፣ ቀለም ቀባሁት። ኮርቼበት ነበር። አምና ሚያዝያ ላይ መዝጊያው አልዘጋ አለ። የታችኛውን የግራ ጥግ በካቻቪቴ ጫን አደረግሁት። እንጨት የሚባል ነገር አልገጠመኝም። ካቻቪቴው ውሃ የነካው ዳቦ ውስጥ የገባ ይመስል እስከ እጀታው ሰጠመ። ሳወጣው ጫፉ ላይ ቡናማ ዱቄትና ሁለት ትናንሽ ነጫጭ ትሎች ነበሩ። ከላይ ያለው ቀለም ግን ምንም አልሆነም።

የመጀመሪያ ሐሳቤ እንደማንኛውም ሰው ነበር፦ የብረት መስኮት ማሠራት። እንጨት በሰበሰ፤ ብረት አይበሰብስም። ወደ አንድ ብየዳ ቤት ሄጄ 60 በ80 ብዬ አዘዝኩ። ሌባ እንዳይገባ ፍርግርግ ይኑረው አልኩ። ቀብድ ከፈልኩ። ዋጋውን አልጽፍም፤ ዛሬ የጻፍኩት ለሳምንት አይሆንም።

ማታ ለጎረቤቴ ነገርኳቸው። ዕድሜያቸውን በሙሉ በአናጢነት የሠሩ ሰው ናቸው። እጃቸው ስለሚንቀጠቀጥ አሁን መጋዝ አይይዙም፤ ዓይናቸው ግን ምንም አያልፈውም። ጋሼ ነው የምላቸው። ሰምተውኝ ዝም አሉ። ከዚያ እንዲህ አሉኝ፦

«ልጄ፣ ጣውላውን በየት በኩል ልታወጣው ነው?»

ጥያቄው ወዲያው አልገባኝም። ቆይቶ ነው የበራልኝ። የሥራ ጠረጴዛዬ ራስጌው መስኮቱ ሥር ነው፣ ግርጌው ወደ ክፍሉ ውስጥ ይገባል። ባለ 4 ሜትር ጣውላ ስሰነጥቅ ወይም ስልግ ግማሹ በመስኮቱ ወጥቶ ጓሮ ውስጥ ነው የሚቆመው። 4 ሜትር ጣውላ በ4 ሜትር ክፍል ውስጥ፣ ያውም ከነሰውየው፣ ሌላ መላ የለውም። ለዓመታት እንዲህ ስሠራ ኖሬ መስኮቱን ሳዝ ግን አላሰብኩትም። ፍርግርጉ ሌባውን ብቻ ሳይሆን ሥራዬንም ሊያግደው ነበር።

በማግስቱ ብየዳ ቤት ሄድኩ። ብረቱ ተቆርጧል ተባልኩ። ቀብዴ በዚያው ቀረ። ተናድጄ ነበር፤ ግን ያዘዝኩትም እኔ፣ የለካሁትም እኔ።

ቅዳሜ ጋሼ መጡ። «መስኮቱን ከመንካትህ በፊት ውሃው የት እንደሚሄድ እንይ» አሉኝ። ባለቤቴ ቡና አፈላች። በሩ ላይ ተቀምጠን አቦሉን ስንጠጣ ሰማዩ ጠቆረ። ቶናው ላይ ዝናቡ ወረደ። እኔ ከተማው ሁሉ የሚያየውን ብቻ ነው ያየሁት፤ ውሃ መዝጊያውን እየመታ ሲወርድ። ጋሼ ግን በጣታቸው ወደ ታች አመለከቱ። «እሱን ተወው። ከሥሩ እይ።»

ጎንበስ ብዬ አየሁ። በመዝጊያው ላይ የወረደው ውሃ መስኮቱ ደፍ ላይ ይደርሳል። ደፉ ጠፍጣፋ ነው፤ ከግድግዳውም እምብዛም ወጣ አላለም። ውሃው ጠርዙን አልፎ መሬት ይወርዳል ብዬ ነበር የምገምተው። አልወረደም። እያንዳንዷ ጠብታ ጠርዙን ትዞርና የደፉን ሆድ ተለጥፋ፣ እንደ ጉንዳን ሰልፍ ወደ ኋላ ትሄዳለች። ግድግዳው ጋ ስትደርስ ጭቃው ይጠጣታል። ደግሞ ሌላዋ። በረካው እስኪወርድ ድረስ ቆጥሬ ቆጥሬ ተውኩት። ያን ሁሉ ዓመት መስኮቴን ከውጭ ቀለም እየቀባሁ ከጀርባው ውሃ ሳጠጣው ኖሬያለሁ።

ሌላም ነገር አየን። የቆርቆሮው ክፈፍ ከግድግዳው የሚወጣው አንድ ክንድ እንኳን አይሆንም። ነፋስ ሲኖር ዝናቡ በቀጥታ መስኮቱን ይመታል። ስለዚህ የመስኮቱ ሥራ ሦስት ሆነ፦ ክፈፉን ማስረዘም፣ ደፉን ማስተካከል፣ መስኮቱን መሥራት። እኔ የማውቀው ሦስተኛውን ብቻ ነበር።

ማፍረሱን በግንቦት መጀመሪያ ያዝኩ። ጋሼ መጀመሪያ ያዘዙኝ ጣሪያውን እንድደግፍ ነው። «መቃኑን ስታወጣ ቋሚው ቢከዳህስ?» ከመስኮቱ በላይ ባለው ወራጅ ሥር የባህር ዛፍ ግንድ አቁሜ በሽብልቅ አጠበቅሁት። ደግ አደረግሁ። አሮጌውን መቃን ነቅዬ ጭቃውን ስገፈው የግራው ቋሚ ከወገቡ በታች ቀፎ ሆኖ አገኘሁት። ቆሞ የነበረው በጭቃው ኃይል ነው። ግድግዳው ውስጥ የአይጥ ጎጆም ነበር፤ የተሠራው ደግሞ መላጊያዬ በሚጥለው የእንጨት ጥቅልል ነው። አናጢነቴን ያደነቀች አይጥ አገኘሁ ማለት ነው።

ቋሚው ካልቀረ የሚቀየር ስለሆነ አዲሱን ወደ ግራ አስጠግቼ መስኮቱን ላሰፋው ወሰንኩ። ወደ ታችም አወረድኩት። የድሮው ደፍ ከሥራ ጠረጴዛዬ 9 ሳንቲም ከፍ ይል ነበር። ረጅም ጣውላ በመጣ ቁጥር ጠረጴዛው ላይ ቁራጭ እየደራረብኩ ነበር የማስተካክለው። ጠረጴዛዬ ከወለሉ 85 ሳንቲም ነው። አዲሱን ደፍ 84 ላይ አደረግሁት። አሁን ጣውላው ሳይነካው ከላዩ ያልፋል።

የሰሜን መስኮት መሆኑን አልቀየርኩም። አንዳንድ ሰው ለምን ወደ ምሥራቅ አታዞረውም፣ ፀሐይ ይገባልሃል አለኝ። ለቤት ቢሆን እሺ። እንጨት ለሚልግ ሰው ግን ቀጥተኛ ፀሐይ ያስቸግራል፤ ያንጸባርቃል፣ ጥላው ይንቀሳቀሳል፣ ጣውላውን በአንድ በኩል አድርቆ ያጣምመዋል። የሰሜን ብርሃን ረጋ ያለ ነው። በእርግጥ ደሴ ከምድር ወገብ 11 ዲግሪ ብቻ ነው ወደ ሰሜን ያለችው። ስለዚህ ከሚያዝያ 11 አካባቢ እስከ ነሐሴ 18 አካባቢ የቀትር ፀሐይ በሰሜን በኩል ነው የምታልፈው። ያኔም ቢሆን ከአናት በላይ ስለምትሆን ክፈፉ ይከልላታል፤ ሐምሌና ነሐሴ ደግሞ ደመናው አለ። ብርሃኑ በጠረጴዛው ራስጌ በኩል አግድም ስለሚገባ መላጊያ ያለፈበት ቦታ ላይ የቀረች ትንሽ ጉብታ ሳትቀር ጥላ ትጥላለች። ድሮ በመዳፌ እየዳበስኩ የምፈልገውን አሁን በዓይኔ አየዋለሁ።

ለመቃኑ ከፈረሰ ቤት የወጣ አሮጌ ጥድ አገኘሁ። የሐበሻ ጥድ መበስበስንም ምስጥንም የሚችል እንጨት ነው። ስንት ዓመት ጣሪያ ተሸክሞ እንደኖረ እንጃ፤ ላዩ ግራጫ፣ በምስማር የተበሳሳ ነበር። መላጊያው ሁለት ጊዜ ሲያልፍበት ግን ከሥሩ ቀይ ወጣ። ሽታው ክፍሉን ሞላው። የማድ ቤቱ ጥቀርሻ እንኳን ለአንድ ሳምንት ተሸነፈ።

ለመዝጊያዎቹ ክንፎች ዋንዛ ነው የገዛሁት፤ ከኮምቦልቻ። እዚህ ላይ ነው ሁለተኛውን ጥፋት ያጠፋሁት፤ ግን እሱ የታወቀኝ ሐምሌ ላይ ነው።

የቀዳዳውን ልክ ከላይ፣ ከመሐልና ከታች ለካሁ። ሦስቱም የተለያዩ ናቸው። ጭቃ ግድግዳ እንደዚያ ነው፤ ሰው በእጁ የለጠፈው ነገር ቀጥ አይልም። ጠባቡን ልክ ወስጄ መቃኑን ከዚያም በ4 ሳንቲም አሳነስኩት። 86 በ90 ሆነ። ጥጎቹን አንዱን ጫፍ እንደ ምላስ አውጥቼ፣ ሌላውን በመሮ ፈልፍዬ፣ በኮላ ገጠምኳቸው። የጥግ መለኪያውን ስኳድራ ብቻ አላመንኩም። ከጥግ ወደ ጥግ ስለካ አንዱ 124፣ ሌላው 125 መጣ። በገመድ ጠምዝዤ ረጅሙን ሳብ ሳደርገው ሁለቱም 124.5 ላይ ተገናኙ። እንደዚያው አስሬ አሳደርኩት።

ሲገጠም ግድግዳውን አላየሁም። ያየሁት ውሃ ልክና ቱንቢ ብቻ ነው። በግድግዳው ልክ ብታቆመው መዝጊያው ራሱን በራሱ ይከፍታል፤ ወይ ደግሞ አልከፈት ይልሃል። በመቃኑና በግድግዳው መሐል በአንድ በኩል 1 ሳንቲም፣ በሌላው 3 ሳንቲም ክፍተት ቀረ። እሱን ጭቃ ይሞላዋል።

ደፉ ላይ ብዙ ጊዜ አጠፋሁ። ወደ ውጭ በ2 ሳንቲም አዘቀዘቅሁት። ከግድግዳው 4 ሳንቲም እንዲወጣ አደረግሁ። ከዚያ ገልብጬ፣ በሆዱ ላይ ከጠርዙ 1 ሳንቲም ተኩል ገባ ብዬ፣ ከዳር እስከ ዳር ቦይ ቆፈርኩ፤ ጥልቀቱ ግማሽ ሳንቲም ነው። ሥራው ይኸው ነው። ወደ ኋላ የምትሳበው ጠብታ ቦይዋ አፋፍ ላይ ስትደርስ መሻገር ያቅታትና ትወድቃለች። ሳልገጥመው በፊት በጣሳ ውሃ እያፈሰስኩበት ሞከርኩት። ልጄ «አባዬ፣ ምን እየተጫወትክ ነው?» አለችኝ።

ጭቃውን በጤፍ ጭድ አቡክቼ አምስት ቀን አከረምኩት። መቃኑ ጀርባ ላይ ምስማሮች ግማሽ ድረስ መታሁ፤ ጭቃው የሚይዘው ነገር ያገኛል። ጭቃ ሲደርቅ ከእንጨቱ ይሸሻልና ሁለት ዙር ነው የሚለጠፈው። ሲሚንቶ ለጥፍበት ያሉኝ ነበሩ። አልተስማማሁም። ሲሚንቶ ጭቃ ላይ ይዋል ይደር እንጂ ይላቀቃል፤ እስኪላቀቅ ደግሞ ውስጥ የገባውን እርጥበት አፍኖ ይይዛል። አሁን ካወጣሁት ቋሚ በላይ ማስረጃ አልፈለግሁም።

ሁለቱ ክንፎች እያንዳንዳቸው ሁለት መስታወት አላቸው። አራቱንም ባለ 4 ሚሊ ሜትር ኮምቦልቻ አስቆረጥኩ፤ በየጎኑ 2 ሚሊ ሜትር አሳንሼ። መስታወት ተጨንቆ ከተቀመጠ እንጨቱ ሲንቀሳቀስ ይሰነጠቃል። በብርድ ልብስ ጠቅልዬ፣ ሚኒባስ ውስጥ ጉልበቴ ላይ አስቀምጬ ወደ ደሴ የሚያወጣውን የሐረጎን ዳገት ወጣሁ። በየኩርባው ትንፋሼን ይዤ። አራቱም ደህና ገቡ። ከዚያ አንዷን ራሴ በመዶሻ ሰበርኳት፤ የመጨረሻዋን ትንሽ ምስማር ስመታ። ባለቤቴ አልሳቀችም። እስከ ምሳ ሰዓት ብቻ።

ሰኔ ሲገባ ሁሉም አልቆ ነበር። ክፈፉን በ40 ሳንቲም ቆርቆሮ አስረዘምኩ። መስታወቶቹን የያዘው ስቱኮ ደረቀ። ክንፎቹ ወደ ውጭ ሙሉ በሙሉ ተከፍተው ግድግዳው ላይ ይተኛሉ። ለሌባው ደግሞ ከውስጥ ሁለት ማንጠልጠያ ላይ የሚጋደም ብረት አደረግሁ፤ ማታ ይገባል፣ ጠዋት ይወጣል።

ሐምሌ ላይ መስኮቱ አልከፈት አለ።

ገፋሁት። በጡጫ መታሁት። ሁለቱ ክንፎች መሐል ላይ ተናክሰዋል። ነገሩ እንዲህ ነው። ኮምቦልቻ 1,850 ሜትር ገደማ ላይ ነች፤ ከደሴ ከ600 ሜትር በላይ ታንሳለች፣ ትሞቃለችም። ዋንዛው እዚያ ቆርቆሮ ሥር ለወራት ተከምሮ ደርቋል። እኔ አምጥቼ ወዲያው ሠራሁት፤ ከደሴ ጉም ጋር እንኳን አላስተዋወቅሁትም። እንጨት እርጥበት ሲያገኝ በርዝመቱ እዚህ ግባ የሚባል ለውጥ የለውም፤ የሚያብጠው በወርዱ ነው። የሁለቱ ክንፎች ቋሚ ጣውላዎች አራት ናቸው፤ እያንዳንዳቸው 7 ሳንቲም። በድምሩ 28 ሳንቲም ወርድ። ከመቶ አንድ እጅ ብቻ ቢያብጥ 2.8 ሚሊ ሜትር ነው። እኔ ያስቀረሁት ክፍተት ሦስት ቦታ ላይ አንድ አንድ ሚሊ ሜትር ነበር። ከዚያ ላይ የቀለሙን ውፍረት ቀንሱ። ሒሳብ አስተማሪ ነኝ፤ አፍሬያለሁ።

ጋሼ መጥተው ክንፉን ከሥሩ በጣታቸው ዳበሱ። «ይቺን ለምን አልቀባሃትም?» የክንፎቹን የታች ጠርዝ ማለታቸው ነው። ማንም አያያትም ብዬ ነበር። የእንጨት ጫፍ ደግሞ ከጎኑ ይልቅ ብዙ ውሃ ይጠጣል፤ ጭረቶቹ እንደ ገለባ ተከፍተው የሚገኙት እዚያ ስለሆነ። የማይታየውን ትቼ የሚታየውን ሁለት ጊዜ ቀብቻለሁ።

ወዲያው መላግ ፈልጌ ነበር። «አብሽር፣ ይድረቅ መጀመሪያ» አሉኝ። እርጥብ እንጨት ስትልግ ይቦጫጨራል፤ ቀለምም አይዝም። ክንፎቹን በግድ አስለቅቄ፣ ከማጠፊያቸው ፈትቼ ሳሎን አስገባሁ። ቀዳዳውን በላስቲክ ሸፈንኩ። አንድ ሳምንት ሙሉ እንግዳ በመጣ ቁጥር ሶፋው ጀርባ የቆመውን መስኮት ማስረዳት የባለቤቴ ሥራ ሆነ። ከዚያ ከመሐለኛዎቹ ጠርዞች ሁለት ሁለት ሚሊ ሜትር አነሳሁ። በብርጭቆ ወረቀት አሻሸሁ። ጫፎቹን ሦስት ጊዜ ቀባሁ፤ አንደኛውን ዙር ቀጠን አድርጌ፣ እንዲጠጣው። መልሼ ስገጥም ሁለቱ ክንፎች መሐል ላይ ነፋስ እንዳይገባ ከአንዱ ላይ ቀጭን ልባጥ መታሁ።

ከዚያ ወዲህ አልተናከሱም። በጋ ላይ ክፍተቱ ትንሽ ይሰፋል፤ ልባጡ ይሸፍነዋል። የግራውን የታች ጥግ በየወሩ በዚያው ካቻቪቴ እጫነዋለሁ፤ እስካሁን ቀለሙን ከመጫር አላለፈም። ከደፉ ሥር ያለው ግድግዳ ነሐሴ ላይም ደረቅ ነበር። ደፉ ላይ ያለው ቀለም ግን መነሳት ጀምሯል፤ ጥቅምት ላይ ይቀባል። የሰበርኳትን መስታወት የተካሁባት ከሌሎቹ ትንሽ አረንጓዴ ትላለች። ለይቶ የሚያውቃት እኔ ብቻ ነኝ፤ አሁን እናንተም።

አንድ ያላሰብኩት ጣጣ ቀርቶኛል። መስኮቱ ሲሰፋ ጣውላው የሚወጣው በሌላ ጎረቤታችን፣ በእትዬ፣ የልብስ ገመድ አቅጣጫ ሆኗል። እትዬ ሁለት አንሶላ ከተቀደደባቸው በኋላ ስምምነት ላይ ደርሰናል። ጣውላ ከመግፋቴ በፊት «እንጨት!» ብዬ እጮሃለሁ። እሳቸው «ቆይ!» ይላሉ። ልብሳቸውን ሰብስበው እስኪጨርሱ ድረስ እኔ ጣውላውን ይዤ እቆማለሁ።